ሽቅብ ሲወጣ ለሚጠፋ ሞተር፦ ከመርፌው በፊት ታንከሩን ለካው

ሰላም ወንድሜ። በሬዲዮ የምታበረው ባለ 7.5 ሲሲ ግሎ ሞተር (ነዳጁን በጋለ ሽቦ የሚያቀጣጥል ትንሽ ሞተር) ሞዴል አውሮፕላንህ አግድም ሲበር ደህና ሆኖ፣ ነዳጁ ከተጋመሰ በኋላ ሽቅብ ስታወጣው እንደሚጠፋብህ ጽፈሃል፤ የነዳጁን መጠን የሚወስነውን የካርቡሬተሩን መርፌ ልክፈተው ወይ ብለህም ጠይቀሃል። እባክህ መርፌውን ለጊዜው ተወው። እኔም አንድ ወር ሙሉ መርፌ ሳዞር ከርሜ ጥፋቱ የተገኘው ታንከሩ ላይ ነው።

ባትሪውን ከላይ ለማስገባት ብዬ ታንከሩን ወደ ታች አውርጄው ነበር። አውሮፕላኑን ጠረጴዛ ላይ አስተካክዬ አቁሜ በማስመሪያ ስለካው፣ የታንከሩ ወገብ ከካርቡሬተሩ መርፌ 2.5 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሏል። መሆን የነበረበት ከመርፌው እኩል፣ ቢበዛ ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ዝቅ ያለ ነው። የእነዚህ ሞተሮች አብዛኞቹ ፓምፕ የላቸውም። ነዳጁን የሚያመጣው የካርቡሬተሩ የመምጠጥ ኃይልና ከማርሚታው በቱቦ ወደ ታንከሩ የሚመለሰው ትንሽ ግፊት ነው። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ላይ ሲቀና ከኋላ ያለው ታንከር ከሞተሩ በታች ይውላል፤ ነዳጁ ያን ሁሉ ርቀት መውጣት አለበት። ሲጋመስ ደግሞ ደረጃው ይበልጥ ስለሚወርድ አቅም ያጣል። መርፌውን ብትከፍተው ታንከሩ ሙሉ ሳለ ነዳጅ ይበዛበታል እንጂ ችግሩ አይፈታም።

ስለዚህ ታንከሩን ከፍ አድርገህ ከሞተሩ ጀርባ ካለው ግድግዳ አስጠጋው፤ ዙሪያውንም ሳታጨናንቅ በስፖንጅ ጠቅልለው። እንጨቱን ከነካ ንዝረቱ ነዳጁን አረፋ ያደርገዋል፣ ሞተሩም ከነዳጅ ጋር አየር ይስባል። ከፍተኸው ሳለህ የውስጡን ቱቦ እየው። ጫፉ ላይ ያለችው ክብደት የኋላውን ግድግዳ ሳትነካ ወደ ሁሉም ጎን መውደቅ አለባት። የእኔ ቱቦ በመርፌ ቀዳዳ ያህል ተበስቶ አግኝቼዋለሁ፤ አሁን በየዓመቱ እቀይረዋለሁ።

ሞተርህ ተገልብጦ የተሰካ ከሆነ ካርቡሬተሩ ስለሚወርድ ታንከሩም አብሮት ይውረድ። አለዚያ ነዳጁ በራሱ ፈስሶ ሲሊንደሩን ይሞላዋል። ታንከሩን ወደ ክንፉ የክብደት ማዕከል ውሰደው የሚሉህም አሉ፤ ያ ፓምፕ ላለው ሞተር ጥሩ ነው። 300 ሲሲ ነዳጅ ከሩብ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ከፊት ሲያልቅ ሚዛኑ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሚዛኑን በባዶ ታንከር ለካ።

ከዚያ ሞተሩን አሙቀህ፣ ጓደኛህ ከፕሮፔለሩ ኋላ ሆኖ አጥብቆ ይዞት፣ በሙሉ ጋዝ አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ ለ10 ሰከንድ ያቁመው። ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሎ ከጸና አብርረው። ከደከመ ትንሽ ክፈትለት፤ የመርፌው ተራ አሁን ነው።