ብርድ የሚችል፣ ሰው ግቢ የማይገኝ አበባ ላልሽው

ሰላም እህቴ፣ ሊድስ ትንሽ ጓሮ አለኝ፣ የጎረቤቱ ሁሉ ሮዝና ላቬንደር ሰልችቶኛል፣ ለየት ያለ ነገር ንገሩኝ ላልሽው፣ እኔም እዚሁ ሰሜን እንግሊዝ ነኝና መጀመሪያ የምልሽ እንሶስላ ነው። አዎ፣ ሴቶቻችን እጅና እግራቸውን የሚሞቋት ራሷ! እዚህ የሚተክሏት ግን ለአበባዋ ነው። ኢምፔሸንስ ቲንክቶሪያ ብለሽ ፈልጊ፣ ተራ ጋርደን ሴንተር አታገኚያትም፣ ብርቅ ብርቅ ተክል የሚሸጡ ትንንሽ ነርሰሪዎች ጋ ነው ያለችው።

ከተመቻት 2 ሜትር ትደርሳለች። አበባዋ ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ላይ ወይን ጠጅ ጣል ጣል ያለበት ነው፣ ከኋላው ደግሞ ቀጭን ረጅም ጅራት ይንጠለጠላል፣ ማሩ እሱ ውስጥ ነው ያለው። ሽታዋ የሚመጣው ሲመሽ ስለሆነ ማታ የምትከፍቺው መስኮት ስር አድርጊያት፣ ቡና እያፈላሁ ሽታው ሲገባ እኔማ እጣኑን እተወዋለሁ። ከፊል ጥላና እርጥብ አፈር ትወዳለች። ውርጭ የመታት ቀን ጠቁራ ዝርግት ትላለች፣ አትደንግጪ፣ ሥሯ አፈር ውስጥ አለ፣ አገዳውን ቆርጠሽ ላዩን በደረቅ ቅጠልና ኮምፖስት ወፈር አድርገሽ ሸፍኚው። ብቅ የምትለው ዘግይታ ነው፣ ሜይ ገብቶም ካላየሻት ሞተች ብለሽ እንዳትቆፍሪያት።

በርካሽ ከፈለግሽ ግላዲዮለስ ሙሪዬሌ አለልሽ፣ እሱም ከኛ ደጋ የሄደ ነው፣ ነጭ ሆኖ መሃሉ ጥቁር ቀይ፣ ሽታውም ደስ ይላል። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ 10 ሴንቲ ያህል አጥልቀሽ ቅበሪው፣ ወደ ኦገስት መጨረሻ ያብባል፣ ከዛ ቅጠሉ ሲደርቅ አውጥተሽ ደረቅ ቦታ አስቀምጪ፣ በኛ በኩል መሬት ውስጥ ይበሰብሳል።

ቀይ እንሰትም አለ፣ ማውሬሊ የሚሉት፣ ቅጠሉ ወይን ጠጅ የሆነው፣ የጉራጌ ዘመድ ካለሽ ሳይፋቅ ለጌጥ ቆመ ብሎ ይስቅብሻል። ውርጭ ጨርሶ አይችልም፣ ውርጭ ሳይጀምር ነቅለሽ ቅጠሉን ቆርጠሽ ውርጭ የማይገባበት ጋራዥ ታሳድሪዋለሽ፣ ጉልበት ይጠይቃል፣ ቦታ ከሌለሽ ተይው።

አንዱ ኮሜንት ላይ ጅብራ ትከይ ያለሽን አትስሚው። የሚበቅልበት ሰሜን ተራራ ላይ ሌሊት ቢበርድም ቀን ፀሐይ አለው፣ እዚህ ግን የብርዱን ወራት ሙሉ ጨለማና ጭቃ ነው፣ ደግሞም ስንት ዓመት ጠብቀሽ አንዴ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ከአገር ቤት በሻንጣ ሥርም ዘርም እንዳታመጪ፣ የጤና ሰርተፍኬት ከሌለው ኤርፖርት ላይ ይወስዱብሻል፣ ከላይ ያልኩሽ ሁሉ እዚሁ ይሸጣል።