«አንተ እኮ ትልቅ ነህ» ከማለታችሁ በፊት

የበኩር ልጃችሁ ዳዴ ብሎ ሳይጨርስ ሁለተኛውን ለምትጠብቁ ወጣት ወላጆች፤

አራት ኪሎም ሆነ ካዛንቺስ፣ ሆዱ ገፋ ካለ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ለበኩሩ የሚለው አንድ ነው፤ «አንተ እኮ አሁን ትልቅ ነህ!» ልጁ ግን ይህን ቃል የሚሰማው ጡት ሲከለከል፣ እቀፉኝ ሲል፣ ሲያለቅስ ነው። ትልቅነት ቅጣት ቢመስለው አይፈረድበትም። ትልቅነቱን እጁ በሚሠራው ሥራ ያግኘው እንጂ በሚነጠቀው ነገር አይሁን።

ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ «እኔ ራሴ» ሲል አታቋርጡት፤ ሥራውን ግን ቆራርሳችሁ ስጡት። ሱሪ ሲለብስ እግሮቹን እናንተ አስገቡና እስከ ጉልበቱ ሳቡ፤ የቀረውን እሱ ይሳብ። ሲለምደው ከቁርጭምጭሚቱ ይጀምር። መጨረሻው የእሱ ስለሆነ «ለበስኩ!» ይላል። ከመጀመሪያው ብትተዉለት ሁለቱን እግር በአንድ በኩል ከትቶ ይናደዳል፣ እናንተም ትነጥቁታላችሁ። ውሃ ራሱ ይጠጣ ካላችሁ ኩባያው ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ቅዱ። «ምን ትለብሳለህ?» አትበሉት፤ «ቀዩን ወይስ ሰማያዊውን?» ይበቃል። ታክሲ ሰልፍ የሚያጣድፋችሁ ከሆነ 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ቀስቅሱት፤ የጠዋት እምቢታ ብዙ ጊዜ የእኛ ጥድፊያ ነው።

ፖፖ ማስለመድና አልጋ መለየት ከወሊዱ 2 ወይም 3 ወር በፊት ይለቅ፤ ካልደረሰ ከወሊዱ በኋላ ያንኑ ያህል ይቆይ። ሕፃኑ ቤት በገባበት ሳምንት አልጋውን የተነጠቀ ልጅ ሌባው ማን እንደሆነ ለማወቅ አይቸገርም። ዜናውንም በወር አትንገሩት፣ ወር አያውቅም፤ «ከመስቀል በኋላ» በሉት።

ሬት ቀብቶ በአንድ ቀን ጡት ማስጣሉ ቢቀር ደስ ይለኛል። እርግዝናው ችግር ከሌለበት ማጥባት ይቻላል። ወተቱ እየቀነሰና ጣዕሙ እየተለወጠ ስለሚሄድ ብዙዎቹ ራሳቸው ይተዉታል። ካልተወ፣ ከወሊድ በኋላ እንገሩ መጀመሪያ ለአራሱ ሕፃን ነው።

ቤት ስትገቡ ሕፃኑን ሌላ ሰው ይያዘው፤ የእናት እጅ ለበኩሩ ባዶ ይሁን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ትልቁን ሰላም ይበል። «እናትህን ወሰደብህ!» እያለ የሚያሾፈውን ግን ዘመድም ቢሆን አስቁሙት። አባት ሆይ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሚሰጥህ ፈቃድ 3 ቀን ነው፤ ገንፎ ለሚበላ እንግዳ ወንበር ስታቀርብ አይለቅብህ፣ ለትልቁ ልጅ ስጠው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ 10 ደቂቃ፣ ስልክ ሳይያዝ፣ ከእናት ጋር ብቻውን ይሁን።

ሱሪው ላይ መሽናት፣ እንደ ሕፃን መኮላተፍ፣ ጡት መጠየቅ ይመለሳል። አትቆጡ፤ ልብሱን ለውጡና ዝም በሉ። በቁጣ ካዩት ይረዝማል፣ ካልሆነ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ሕፃኑን ቢመታ እጁን ያዙና «መምታት የለም፣ እግሩን ዳብስ» በሉት። መሳምም እግሩን ይሁን፣ ፊቱን አይደለም፤ ጉንፋን የያዘው ቀን ደግሞ ይቅር።

ሁለት ነገር ግን አደራ። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ባልዲና በርሜል ሞልቶ ማስቀመጥ የግድ ነው፤ በአራስ ቤት ግርግር ደግሞ ክዳኑ ይረሳል። ታዳጊ ልጅ ጭንቅላቱ ከባድ ስለሆነ ባልዲ ውስጥ ከተደፋ ራሱን አያወጣም፤ ለመስጠም ጥቂት ጣት የማይሞላ ውሃም ይበቃዋል። ክደኑ፣ በሩንም ቆልፉ። ሌላው ቆሎ ነው። ታላቅ የሆነ ልጅ ቸር ነውና ከእጁ ያለውን ለታናሹ አፍ ያጎርሳል። ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ፈንድሻ ለእሱም እስከ 4 ዓመቱ አይሰጠው። እንግዳ ሰጥቶት ከሆነም ሕፃኑ ጋ ከመሄዱ በፊት እጁንና ኪሱን ፈትሹ።