ስማችሁን ከማስፈራችሁ በፊት

ውድ ወጣት ተመራማሪዎች፣

በአንድ የጤና ጆርናል ውስጥ መጀመሪያ በገምጋሚነት፣ ኋላም በአርታኢነት ለብዙ ዓመታት ሠርቼ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት በእጄ ካለፉት ጽሑፎች መካከል መረጃ ሆን ብሎ ፈጥሮ የጻፈ ሰው ያጋጠመኝ ጥቂት ጊዜ ነው። ደጋግሞ ያጋጠመኝ፣ ብዙዎቻችንም እንደ ጥፋት የማንቆጥረው ሌላ ነገር ነው፤ ያልሠራ ሰው ስሙ ከጽሑፉ አናት ላይ መገኘቱ፣ የሠራውም ሰው ስሙ መጥፋቱ። ስለ ጆርናል ሥነ ምግባር ምከሩን ስትሉኝ ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ስለዚህ ነው፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ጥፋቶች ብዙውን ጊዜ የሚገቡት በዚህ በር ሲሆን እኔም በወጣትነቴ በዚሁ በር ገብቻለሁ።

ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ አንድ ባልደረባዬ በመተላለፊያው ላይ አግኝቶኝ «በጽሑፉ ላይ ስምህን አስገብቼዋለሁ» አለኝ። ያደረግሁት ነገር ቢኖር መጠይቁን በሚያዘጋጅበት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ያህል አብሬው መቀመጤ ብቻ ነበር። ደስ አለኝ፤ አመሰገንሁት፤ ለደረጃ ዕድገት ባቀረብሁት ማመልከቻ ላይም ጽሑፉን ቆጠርሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ ገጠር ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ደብዳቤ ጻፈልኝ። በሠንጠረዡ ውስጥ የታከሙት ሕፃናት ድምር በጽሑፉ ውስጥ ከተገለጸው ቁጥር ጋር እንደማይመሳከር ገልጾ፣ እሱ በሚያክማቸው ሕፃናት ላይ ውጤቱን ሊጠቀምበት ስለፈለገ የትኛውን ማመን እንዳለበት ጠየቀኝ። ጥያቄው በአክብሮት የተጻፈ ነበር። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም፤ መረጃው የት እንደተቀመጠ እንኳ አላውቅም ነበር። ባልደረባዬ በዚያን ጊዜ ለትምህርት ወደ ውጭ ሄዶ ነበርና እሱን አፈላልጌ ስህተቱን እስክናርም ድረስ ወራት አለፉ። ያ ሐኪም በእነዚያ ወራት ምን እንዳደረገ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እስከ ዛሬም አስበዋለሁ።

በጽሑፍ አናት ላይ የሚሰፍር ስም ምስክርነት ነው። «ይህን አይቻለሁ፤ እንዲህም ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የሚጠይቀኝ ካለ እመልሳለሁ» ማለት ነው። በአገራችን ግን ስም መስጠት እንጀራ እንደ ማካፈል ይታያል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ተብለን ያደግን ሰዎች በመሆናችን፣ አንድ ጽሑፍ ሲያልቅ ክፍል ኃላፊውን፣ ወዳጃችንን፣ ዕድገት የቀረበለትን ባልደረባችንን ሳንጨምር መላካችን ስስት ይመስለናል። ይህ ደግነት ከልብ የመነጨ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው ለማረም የሚከብደው። ነገር ግን ማዕድ የሚካፈለው የራሳችን ስለሆነ ነው፤ ምስክርነት ግን ለሌላ ሰው የሚሰጥ ስጦታ አይደለም። ያላየውን እንዲመሰክር ወዳጁን ወደ ሸንጎ የሚጠራ ሰው ደግ ሊባል አይችልም።

ይህን ልዩነት ከፈረንጅ መማር እንደሌለብን ሳስብ ሁልጊዜ ወደ ብራና መጻሕፍቶቻችን እመለሳለሁ። በብዙዎቹ መጨረሻ ላይ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ ወለዘአንበቦ ወለዘተርጐሞ ወለዘሰምዐ ቃላቲሁ» የሚል ልመና ይገኛል፤ ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጐመው፣ ቃሉን ለሰማው ምሕረት ይደረግለት ማለት ነው። ቁም ጸሐፊው ብራናውን የገዛለትንና የደከመበትን ዋጋ የከፈለለትን ሰው አይረሳም፤ በክብር ይጠራዋል። ነገር ግን አጻፊውን ጸሐፊ አያደርገውም። እያንዳንዱ በሠራው ሥራ ስም ይጠራል። ዛሬ ብዙ ጆርናሎች የሚጠቀሙበትና የእያንዳንዱን ደራሲ ድርሻ በ14 የሥራ ዓይነቶች ለይቶ የሚያስቀምጠው ዝርዝር፣ ሐሳቡን ማን አመነጨ፣ መረጃውን ማን ሰበሰበ፣ ማን ተነተነ፣ ገንዘቡን ማን አመጣ እያለ ሲጠይቅ፣ የእኛ ጸሐፍት በአንድ ዐረፍተ ነገር ያደርጉት የነበረውን እያደረገ ነው።

መለኪያውን በግልጽ ያስቀመጠው የሕክምና ጆርናል አርታኢያን ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ነው። ይህ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1978 በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ ከተደረገ የአርታኢያን ስብሰባ የተነሣ ሲሆን፣ ዛሬ ደራሲ ለመባል አራት ነገሮች አንድ ላይ መሟላት አለባቸው ይላል። በጥናቱ ሐሳብና ንድፍ፣ ወይም መረጃውን በመሰብሰብ፣ በመተንተን ወይም በመተርጐም ረገድ እውነተኛ ድርሻ መኖር፤ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ አንብቦ ማጽደቅ፤ በጽሑፉ ላይ ጥያቄ ሲነሣም ተጠያቂ ለመሆን መስማማት። አራተኛው የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የከበደው እሱ ነው፤ የገጠሩ ሐኪም ደብዳቤ የመጣልኝ በዚህ በኩል ነበርና። ገንዘብ ማምጣት ብቻውን፣ ኃላፊ መሆን ብቻውን፣ ቤተ ሙከራውን መፍቀድ ብቻውን ደራሲ አያደርግም። ለእነዚህ የምስጋና ክፍል አለ፤ የምስጋናውን ክፍል ደግሞ የውርደት ቦታ አድርገን መመልከታችንን ብንተው ብዙ ነገር ይቃለልልናል።

ያላዩትን መመስከር ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ኮሮና ወረርሽኝ በነበረበት ወቅት ሁላችንም አይተናል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ላንሴት የተባለው ታዋቂ ጆርናል፣ ከ671 ሆስፒታሎች የተሰበሰበ የ96,000 ያህል ሕሙማን መረጃ ነው የተባለበትን ጽሑፍ አወጣ፤ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለውን የወባ መድኃኒት የሚወስዱ የኮሮና ሕሙማን በብዛት እንደሚሞቱ የሚናገር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቂት ቀናት ውስጥ በዚህ መድኃኒት ላይ ያካሂደው የነበረውን ሙከራ ለጊዜው አቆመ። መረጃው የመጣው ሰርጂስፊር ከሚባል አንድ ትንሽ ኩባንያ ሲሆን፣ የኩባንያው ባለቤት ራሱ ከአራቱ ደራሲያን አንዱ ነበር። ጥያቄ ሲበዛ የቀሩት ሦስቱ መረጃው በገለልተኛ ወገን እንዲመረመር ጠየቁ፤ ኩባንያውም ሙሉውን መረጃ አልሰጥም አለ። በዚህን ጊዜ ሦስቱ ጽሑፉ እንዲሻር ጠየቁ፤ ከታተመ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተሻረ። መድኃኒቱ በኋላ በሌሎች ጥናቶች ለኮሮና እንደማይረዳ ተረጋግጧል፤ ይህ ግን የጽሑፉን ጥፋት አያቀልለውም። እኔን ያሳሰበኝ የሦስቱ ነገር ነው። የተማሩ፣ በሙያቸው የተከበሩ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ስማቸውን አሰፈሩ፣ መረጃውን ለማየት የጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ደቡብ ኮሪያዊው ሁዋንግ ዎ ሱክ እ.ኤ.አ. በ2004ና በ2005 ሳይንስ በተባለው ጆርናል ላይ ያወጣቸው የግንድ ሕዋስ ጽሑፎች ሐሰት መሆናቸው ታውቆ በጥር 2006 ሲሻሩ፣ በሁለተኛው ጽሑፍ ላይ የ25 ሰዎች ስም ነበረበት። ከነዚህ አንዱ የአሜሪካ ፕሮፌሰር ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው አጣርቶ ሰውየው በማጭበርበሩ እጁ እንደሌለበት ገለጸ፤ ሆኖም ዋና ደራሲነቱን ተቀብሎ የዋና ደራሲን ኃላፊነት አልተወጣም ሲል ወቀሰው። ሃያ አምስት ጥንድ ዓይን አንድን መረጃ አብሮ ቢመለከት ሐሰቱ ይደበቅ ነበር ብዬ አላምንም።

ስለ ጠፉት ስሞች ደግሞ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1964 ተመራማሪው አክሊሉ ለማ በዐድዋ ከተማ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ፣ ከዚያ ምልከታ የተነሣው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ለእሱና ለለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አስገኘ። እንዶድ ልብስ እንደሚያጠራ ለዘመናት የሚያውቁት እናቶች ግን ስማቸውን የሚነግረን የለም። ደራሲ ነበሩ አልልም፤ አልነበሩም። እኔ የምለው፣ የዛሬ ጽሑፎቻችንን ስንጽፍ ዕውቀቱ ከየት እንደመጣ በግልጽ የመናገር ግዴታ አለብን ነው። የባህል ሐኪሙ ስለ ቅጠሉ ነግሮን፣ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ዞራ መጠይቁን ሞልታ፣ አበሏን ከፍለናል ብለን ብቻ ስሟን ከምስጋናው እንኳ የምናስቀር ከሆነ ከቁም ጸሐፊው አንሰናል። እሷ መጠይቁን ከመሙላት አልፋ መረጃውን በመተርጐም ከረዳች፣ ረቂቁንም አንብባ ካረመች፣ የመጨረሻውን ቅጂ አጽድቃ ተጠያቂ ለመሆንም ከተስማማች፣ ቦታዋ ከደራሲያኑ ጋር ነው፤ ዲግሪ የሌላት መሆኑ ይህን አይለውጠውም። መለኪያው የሚናገረው ስለ ሥራ እንጂ ስለ ዲግሪ አይደለም።

ገንዘብ ከተከፈላቸው ጽሑፉን ሳይገመግሙ ስለሚያትሙ ጆርናሎች ብዙ ስለተጻፈ አላረዝምም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ ጆርናል ያወጣው ዘገባ እንደሚያሳየው፣ ሆን ተብሎ በስህተት የተሞላ የፈጠራ ጽሑፍ ለ304 ጆርናሎች ተልኮ 157ቱ ተቀብለውታል። በኢሜይል እየለመነ በሦስት ቀን አትማለሁ የሚላችሁ ጆርናል ጽሑፋችሁን የሚያነብ ሰው የለውም። ገንዘብ ቸግሮን ነው ወደዚያ የሄድነው የሚሉ ወጣቶች አጋጥመውኛል፤ ታላላቅ አሳታሚዎች ኢትዮጵያን ከመሰሉ አነስተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚላኩ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ የኅትመት ክፍያውን እንደሚተዉ ሳያውቁ ነው የሄዱት። ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ጽሑፍ ስለሚጽፉ ማሽኖች ስትጠይቁኝም የምመልሰው ከዚሁ ሐሳብ ተነሥቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ (COPE) የሚባለው ዓለም አቀፍ አካል፣ ታላላቅ ጆርናሎችም ማሽን ደራሲ ሊሆን አይችልም ብለዋል፤ ሲጠየቅ ሊመልስ፣ ሲሳሳት ሊጸጸት አይችልምና። ቋንቋችሁን ካረመላችሁ ይህንኑ በግልጽ ጻፉ። ያመጣላችሁን ዋቢ ጽሑፍ ግን አንድ በአንድ ፈልጋችሁ ካላነበባችሁ በስተቀር አታስገቡ፤ የሌለ ጽሑፍ በሌለ ገጽ ሲጠቅስ አይቻለሁ።

ሌላ አንድ ትንሽ ነገር፤ ትንሽ ትመስላለች እንጂ ብዙዎችን ጎድታለች። ስማችሁን በላቲን ፊደል የምትጽፉበትን አጻጻፍ በመጀመሪያው ጽሑፋችሁ ወስኑና አትለውጡት። የውጭ ጆርናል የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አንዱ የአባቱን፣ አንዱ የአያቱን እየሰጠ የአንድ ሰው ሥራ በሦስት ሰው ስም ተበትኖ ይቀራል። ኦርኪድ (ORCID) የሚባለውን ነጻ የተመራማሪ መለያ ቁጥርም አውጡ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ የምታውቁ ሆናችሁ፣ በማስተርስ ቲሲሳችሁ ላይ የተመሠረተውን ጽሑፍ ልትልኩ ስትሉ ኃላፊያችሁ «የእኔን ስም የት አደረግኸው?» ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ይህን ጥያቄ በእንባ የጠየቀችኝ ልጅ ነበረች። እምቢ በዪ ብሎ መምከር ለእኔ ቀላል ነው፤ የሥራ ግምገማዋን የሚሞላው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ስለዚህ ጀግንነትን ብቻ አልመክራችሁም። ጥናቱ ሳይጀመር፣ ማንም ያልተቀየመበት ጊዜ ላይ፣ ማን ምን እንደሚሠራና ስሙ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሰፍር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁሉም እንዲፈርም አድርጉ፤ ሥራው ሲለወጥ ገጹም ይለወጥ። ረቂቆቻችሁን ከነቀናቸው አስቀምጡ። ስም የሚጠይቃችሁን ሰው ሥራ ጠይቁት፤ በትሕትና «ጋሼ፣ እንግዲያው የውይይቱን ክፍል አንብበው ያርሙልኝ፤ መረጃውንም ላሳይዎት» በሉት። አንዳንዱ በእርግጥ ያነባል፤ ያረማል፤ በመጨረሻም ስሙ በሥራው ይገባል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዳንዱ ጊዜ የለኝም ይላል፤ ያን ጊዜ ጆርናሉ የእያንዳንዱን ድርሻ በሚጠይቅበት ቅጽ ላይ ስለ እሱ ያልሠራውን ሠራ ብላችሁ አትጻፉ። ቅጹን ለእሱ ላኩለትና ራሱ ይሙላው።

ያቺ ልጅ ይህንኑ አደረገች። ኃላፊዋ ቅጹን ለሦስት ሳምንታት ይዞት ቆየና ድርሻው በሚጻፍበት ቦታ ላይ ምንም ሳይሞላ መለሰላት። እሷም ጽሑፉን በራሷና በአማካሪዋ ስም ላከችው፤ ኃላፊዋን ቤተ ሙከራውን ስለፈቀደላት በምስጋናው ክፍል በሙሉ ስሙና በማዕረጉ አመሰገነችው። የዚያ ዓመት ግምገማዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ አቤት ብላ ሰሚ አላገኘችም። ጽሑፉ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ስለ አንዱ ሠንጠረዥ ከሌላ አገር ጥያቄ መጣላት፤ በማግሥቱ ጥሬውን መረጃ አያይዛ መለሰችለት።