ስለ በሽታ ጉግል ላይ ስንፈልግ፦ ለጠየቀችን እህት

«ራስ ምታት ይዞኝ ጉግል ላይ ብፈልግ የአንጎል ዕጢ የሚል አወጣብኝ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እናንተ እንዴት ነው የምትፈልጉት?» ብለሽ ለጠየቅሽን እህቴ፣ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። እናቴን ለዓመታት ሳስታምም ብዙ ፈልጌያለሁ፤ ጉዳዩ ከልቤ ነው።

መጀመሪያ፣ ይህ በአንቺ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ራያን ዋይትና ኤሪክ ሆርቪትዝ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሰው በቀላል ምልክት ፍለጋ ጀምሮ ወደ ከባድ በሽታ እንዴት እንደሚሻገር አሳይተዋል። አብዛኛው ራስ ምታት የሚመጣው ከውጥረት፣ ከእንቅልፍ ማነስ፣ ከማይግሬን ወይም ቡና በድንገት ከማቆም ነው። የአንጎል ዕጢ ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነው። ድረ ገጾቹ ግን ሁሉንም ጎን ለጎን ይደረድሯቸዋል። ከላይ የወጣው ስለሚነበብ እንጂ አንቺን የመያዝ ዕድሉ ስለሰፋ አይደለም።

ትልቁ ነገር አጠያየቅሽ ነው። «ራስ ምታት የአንጎል ዕጢ» ብለሽ ከጻፍሽ የሚመጣልሽ ዕጢ ነው። የፈራሽውን በሽታ ስም ከፍለጋው አውጪው።

እናቴ ለደም ግፊት አምሎዲፒን ታዘዘላት። ቆይቶ ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። «የእግር እብጠት» ብለሽ ብትፈልጊ የልብ ድካም፣ የኩላሊት በሽታ፣ የደም መርጋት ይዘረዘርልሻል፤ ማንም ይደነግጣል። እኔ የመድኃኒቱን ስም ከካርቶኑ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጬ «የጎንዮሽ ጉዳት» የሚል ጨመርኩበት። የቁርጭምጭሚት እብጠት ከታወቁት የጎንዮሽ ጉዳቶች አንዱ መሆኑን አገኘሁ። ይህን ብናውቅም መድኃኒቱን በራሳችን አላቆምንም። እብጠቱ መቼ እንደጀመረና በየትኛው ሰዓት እንደሚብስ ጽፌ ለሐኪሟ ሰጠሁት። እሱም ልቧንና ኩላሊቷን አይቶ መጠኑን ቀነሰላት፣ እብጠቱም ጎደለ።

ሌላው፣ ጸሐፊው ማነው? በ2002 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ነበር። አይዘንባክና ኮህለር የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎች የጤና መረጃ ሲፈልጉ ቁጭ ብለው አዩ። «ስለ እኛ» የሚለውን ገጽ ከፍቶ ያየ አንድም ሰው አልነበረም! እኔ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው። ከዚያ መቼ እንደታደሰ አያለሁ። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ያንኑ «መድኃኒት» የሚሸጥልኝ ከሆነ ወዲያው እዘጋዋለሁ። «ሐኪሞች የደበቁት ምስጢር» የሚል ቪዲዮማ ጭራሽ አልነካም። ብዙ ጊዜ የምጠቀመው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያዘጋጀውን ሜድላይንፕላስን እና የእንግሊዝን የጤና አገልግሎት የኤንኤችኤስን ገጽ ነው። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ አጻጻፋቸውም ቀለል ያለ ነው።

እንዲህ ያለ ቡድን ላይ የሌላ ታማሚ ልምድ መስማት ደስ ይላል፤ መድኃኒት ሰዓቱን ጠብቆ ስለመውሰድ፣ ስለ ብርታት ብዙ ተምሬበታለሁ። የመድኃኒት መጠን ግን ከአስተያየት መስጫ ላይ አይወሰድም። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቻትቦቶችም እንደዚያው ናቸው። ዕድሜሽን፣ ሌላ በሽታሽንና የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ካልነገርሻቸው አያውቁም፤ መልሱን ግን በሙሉ ልብ ነው የሚሰጡሽ።

ጭራሽ ጉግል ላይ የማይፈለግበት ጊዜም አለ። በድንገት የመጣ፣ ከዚህ በፊት አይተሽው የማታውቂው ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የንግግር መተሳሰር፣ ከትኩሳት ጋር የአንገት መድረቅ ካለ ስልኩን አስቀምጪና ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ያንቺ እንደዚያ ካልሆነ ዛሬውኑ ደብተር አውጪ። መቼ እንደሚጀምርሽ፣ የቱ ጋ እንደሚያምሽ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሽ ጻፊ። የዋጥሽውን ማስታገሻም አትርሺ፤ እንደ ፓራሲታሞል ያለውን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መውሰድ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ሐኪሙ ይህን መጠየቁ አይቀርም፣ ደብተሩን ይዘሽለት ሂጂ።