ጊዜያዊው ወንበሩ እንጂ ዳኛው አይደለም

ጊዜያዊ የሚባሉትን የአሜሪካ ፌዴራል ዳኝነት ወንበሮች ቋሚ ስለማድረግ በዚያው ከሚኖሩ አንባቢዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ ሰብስቤያቸዋለሁ።

«ጊዜያዊ ዳኛ የሚባለው ዘመኑ ሲያልቅ ይሰናበታል?»

አይሰናበትም። እንደ ማንኛውም የፌዴራል ዳኛ በፕሬዚዳንቱ ታጭቶ በሴኔት የጸደቀ ነው፤ በጥፋቱ በኮንግረስ ተከስሶ ካልተሻረ በቀር ዕድሜ ልኩን ይዳኛል። የሚያልቀው የወንበሩ ዕድሜ ነው። ሕጉ የቆረጠው ቀን ካለፈ በኋላ በዚያ ፍርድ ቤት መጀመሪያ ለሚለቀቀው ወንበር ምትክ አይሾምም። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ የሚለቀው በጊዜያዊው ወንበር የተሾመው ሰው መሆን የለበትም። ጎረቤቱ ጡረታ ቢወጣም ፍርድ ቤቱ አንድ ዳኛ ይጎድልበታል። መዝገቡ ግን አይጎድልም።

«የትኞቹ ናቸው?»

ለዓመታት ሲቆጠሩ የኖሩት 10 ናቸው። አሪዞና፣ ሃዋይ፣ ካንሳስና ኒው ሜክሲኮ አሉበት። ሎስ አንጀለስን የሚያጠቃልለው የማዕከላዊ ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤትም አንድ አለው፤ በሎስ አንጀለስ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚባለው የፌርፋክስ ጎዳና ወገኖቻችን ልብ ይበሉ። የቀሩት በደቡብ ፍሎሪዳ፣ በምሥራቅ ቴክሳስ፣ በሰሜን አላባማ፣ በምሥራቅ ሚዙሪና በምዕራብ ሰሜን ካሮላይና ናቸው።

«ታዲያ ኮንግረስ ለምን አንዴ ቋሚ አድርጎ አይገላገልም?»

እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። የካንሳስና የሃዋይ ወንበሮች በእ.ኤ.አ. 1990 ሕግ የተፈጠሩ ናቸው። ለዓመታት ቀነ ገደቡ ሲደርስ በዓመታዊው የበጀት ሕግ ውስጥ አንዲት አንቀጽ እየተሸጎጠች አንድ ዓመት ሲገፋ ኖሯል፤ የሚያፈስ ጣሪያን ክረምት በመጣ ቁጥር በላስቲክ እንደ መሸፈን ነው። መፍትሔው አዲስ አይደለም። በእ.ኤ.አ. 2002 አሌክሳንድሪያ ችሎት ያለው የምሥራቅ ቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ወንበር ከሌሎች ሦስት ጋር ቋሚ ሆኗል። አዲስ ወንበር ሲፈጠር «የሚሾመው የማን ፕሬዚዳንት ነው?» የሚል ጠብ ይነሣል፤ ባይደን በታኅሣሥ 2024 መጨረሻ 66 የዳኝነት ወንበሮችን የሚፈጥረውን ረቂቅ ውድቅ ያደረጉት በዚሁ ጠብ መካከል ነበር። ያለውን ወንበር ማጽናት ግን ለማንም ወዲያው የሚሾመው ሰው አይሰጥም። ስለዚህ ይህኛው መዘግየቱ ከጠብ ይልቅ ቸልተኝነት ይመስለኛል።

«የጥገኝነት ቀጠሮዬን ያፋጥንልኛል?»

አያፋጥነውም። የኢሚግሬሽን ዳኞች የፍትሕ ሚኒስቴሩ ሠራተኞች ናቸው፤ ወንበራቸውም ሌላ ነው። የዜግነት ፈተና ወስደው 120 ቀን ውሳኔ ያጡ ግን አቤቱታቸውን የሚያቀርቡት እነዚህ ወንበሮች ላሉበት ለፌዴራሉ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። እዚያ የዳኛ ቁጥር ይመለከታቸዋል።