«መናዘዝም ያስፈራኛል» ላሉት እህት

ውድ እህታችን፣ ከብዙ ዓመት በፊት የፈጸሙት በደል ሌሊት እየቀሰቀሰ እንደሚያስጨንቅዎት፣ ቢጸልዩም ፍርሃቱ እንዳልለቀቀዎት፣ መናዘዙ ደግሞ ከዚያ የባሰ እንደሚያስፈራዎት ጽፈው፣ «ብናዘዝ በእርግጥ ይለቀኛል?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ ካህንም መምህርም አይደለሁም፤ ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት ያህል በዚሁ ጭንቀት የኖርሁ ሰው በመሆኔ የደረሰብኝን እንደሆነው ልንገርዎት።

በወጣትነቴ የአንድ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ሳለሁ ከተሰጠኝ አደራ ላይ ወሰድሁ። ገንዘቡን ከጥቂት ወራት በኋላ ማንም ሳያውቅ መለስሁት፤ ጉድለቱን ለመሸፈን ያዘጋጀሁት የሐሰት ደረሰኝ ግን በመዝገቡ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጠራ ቁጥር፣ ሰውም «ላነጋግርህ እፈልጋለሁ» ባለኝ ቁጥር ልቤ ይርድ ነበር። እየቆየ ፍርሃቱ መልኩን ለወጠ፤ ሕመሙም፣ ሞቱም፣ የልጆቼ መንገድ መውጣትም ያስፈራኝ ጀመር፤ መነሻው ያ ደረሰኝ መሆኑን እኔው ራሴ ዘነጋሁት። አዳም በገነት ዛፎች መካከል ተሸሽጎ «ፈራሁ» ያለው የእግዚአብሔርን ድምፅ ሰምቶ ነው (ዘፍጥረት 3፥10)፤ ከበደሉ በፊት ግን ያ ድምፅ አስፈርቶት ነበር የሚል ቃል አናነብም።

በመጨረሻ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ፤ ዋናውንም ነገር ተናገርሁ። አልደነገጡም። የጠየቁኝ «ይህን ከእኔ ሌላ ሊሰማው የሚገባ ማን ነው?» ብለው ብቻ ነው፤ የዘኬዎስንም ነገር አስታወሱኝ፤ እርሱ የበደለውን ሰው በልቡ ይቅርታ በመለመን አላበቃም፣ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ እንጂ (ሉቃስ 19፥8)። ስለዚህ የማኅበሩን ሰብሳቢ ፈልጌ ነገርሁት። ተቆጣኝ፤ በዚያን ጊዜ የነበረኝንም ኃላፊነት አጣሁ። ይህን የምጽፈው ኑዛዜ ምንም አያሳጣም ብዬ እንዳላታልልዎት ነው። ያን ሌሊት ግን ሳልባንን አነጋሁ። (የእርስዎ ጉዳይ ቢነገረው ይበልጥ የሚጎዳ ሌላ ሰው ካለበት፣ ለብቻዎ አይወስኑ፤ አስቀድመው የሚናዘዙላቸውን አባት ያማክሩ።)

በሦስተኛው ሳምንት ፍርሃቱ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን የያዘው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ «በትክክል ተናዝዤ ይሆን? ያስቀረሁት ነገር ይኖር ይሆን?» የሚል። ያንኑ ኃጢአት ሁለተኛ ተናዘዝሁ፤ ሦስተኛም ሄድሁ። በሦስተኛው አባቴ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና፣ «ያን ኃጢአት ከእንግዲህ አልሰማም፤ አሁን መናዘዝ ያለብህ እግዚአብሔር ይቅር ማለቱን አለማመንህን ነው» አሉኝ። በቋንቋችን ጥፋቱን ያልካደ ሰው «አመነ» ይባላል፤ በእግዚአብሔር የተደገፈም «አመነ» ይባላል። እኔ የፊተኛውን ማመን ይዤ የኋለኛውን ትቼ ነበር። ሐዋርያው ዮሐንስም በመጀመሪያ መልእክቱ (1፥9) ኃጢአታችንን ብንናዘዝ ይቅር የሚለን አምላክ «የታመነ» መሆኑን ነው የሚነግረን፤ የይቅርታው ዋስትና የእርሱ ታማኝነት ነው እንጂ የእኔ ኑዛዜ ምንም ያልጎደለው መሆኑ አይደለም።

«ያመነ አይፈራም» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም፤ የፈራውን ሰው ስለ መፍራቱ ደግሞ እንዲያፍር ያደርገዋልና። መዝሙር 55 (በሌላው አቆጣጠር 56) የሚናገረው በሚፈራበት ቀን በእግዚአብሔር ስለሚታመን ሰው ነው፤ የሚፈራበት ቀን የለውም አይልም። ጴጥሮስ በባሕር ላይ ሲሰጥም ጌታ ፈጥኖ እጁን ዘርግቶ ያዘው፤ ተግሣጹ የመጣው ከተያዘ በኋላ ነው (ማቴዎስ 14፥31)። ዛሬም ሌሊት የምባንንበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ፍርሃቴን ለማባረር አልታገልም፤ የፈራሁትን ነገር በስሙ ጠርቼ ለእግዚአብሔር እነግረዋለሁ፤ ነገ የሐኪም ውጤት የምሰማ ከሆነ «የነገውን ውጤት ፈርቻለሁ» እላለሁ፤ መዝሙሩን አንድ ጊዜ ደግሜም እተኛለሁ፤ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ግን አንዳንዴ ይነጋል።

የልብ ምት መፋጠን፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ወራት የዘለቀ እንቅልፍ ማጣት ካለብዎት ሐኪም ዘንድም ይሂዱ፤ እኔ ሄጃለሁ፤ ሐኪሙም ሆነ ንስሐ አባቴ አንዱ ሌላውን ተው አላሉኝም።

መናዘዙን መፍራትዎን በተመለከተ፣ እኔ በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ጥቃቅን ነገሮች ስናገር ቆይቼ፣ ዋናውን የጻፍሁበትን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሳይገልጡት መለሱልኝና «አንተው አንብበው፤ እኔ እዚሁ ነኝ» አሉኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።