ስድስት ወሯን አትናቋት

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ደብረ ማርቆስ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ፣ አጠገቤ ሁለት ወጣቶች ስልክ ላይ ዜና እያነበቡ ይከራከራሉ። የተመድ ሰላም አስከባሪ ጦር ቆይታው ለስድስት ወር ተራዘመ ይላል ዜናው። «ሰላም ካላመጡ ምን ይሠራሉ? አበል ለመብላት ነው» አለ አንዱ። መልስ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ በሻይ አወራረድኩት።

እኔ ኤርትራ ድንበር ላይ ከተመድ ታዛቢዎች ጋር አገናኝ መኮንን ነበርኩ። ተኩስ የቆመው ሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ በተፈረመው ስምምነት ነው። የጸጥታው ምክር ቤት ሐምሌ 24 ቀን ተልዕኮውን አቋቋመ። ዋና ሥራው በሁለቱ ጦሮች መሐል ያለውን 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ቀጠና መከታተል ነበር። ማየትና መመዝገብ። መዋጋት አይደለም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ማዶ አቧራ አየሁ። «ጦር ተንቀሳቅሷል» ልል ሬዲዮውን ሳነሳ ታዛቢው መነጽሩን አቀበለኝ። ፍየሎች! ከኋላቸው አንድ እረኛ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ። ሰውዬው ሰዓቱንና ቦታውን ጻፈና «ፍየል፣ 40 ያህል» ብሎ ደብተሩን ዘጋ። እኔ ብናገር ኖሮ የእኛ ሰው ምሽግ ይይዛል፤ ማዶ ያለውም ያን አይቶ ይይዛል። እስከ ዛሬ ሳስበው ያልበኛል።

ማራዘሙንስ እኛ ጎጃሞች እናውቀው የለም? ሁለት ገበሬ በወሰን ሲጣላ ሽማግሌ «እስከ ጥምቀት ማንም እንዳያርሳት» ይላል። ጥምቀት ሲደርስ መጥቶ ያያል። ካልበረደ «እስከ ፋሲካ» ይላል። ምክር ቤቱም እንዲሁ ነው። ዋና ጸሐፊው ሪፖርት ያቀርባል፤ ከ15 አባላት 9ኙ መደገፍ፣ ከአምስቱ ቋሚ አባላት ደግሞ አንድም አለመቃወም አለበት። ቀኑ በደረሰ ቁጥር ሁለቱም ወገኖች ስማቸው ይነሳል። ጥቅሙ እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ዜና ስታነቡ መጀመሪያ የወሩን ቁጥር እዩ። ሲያጥር ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። በ1998 ዓ.ም. ኤርትራ የተልዕኮውን ሄሊኮፕተሮች ከበረራ ከለከለች። የኛው ስድስት ወር ወደ አንድ ወር ወረደ፤ አንዴማ ሁለት ሳምንት ደረሰ። በኋላ ነዳጅም ተከለከለ። ሐምሌ 24 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ልክ በስምንት ዓመቱ፣ ተልዕኮው ተዘጋ።

ያን ዕለት ጦርነት አልተነሳም። ግን እስከ 2010 ዓ.ም. ወታደሩ ምሽጉ ውስጥ ተፋጦ ቀረ፤ መሐል ቆሞ ፍየል የሚቆጥር ሰው አልነበረም።